ጆጉን ያቀበልኩት እኔ ነኝ

ጆጉን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ላይ ማላከክ አልችልም።

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ያለው ቤቴ ጓሮ ውስጥ በየዓመቱ ከኅዳር ጀምሮ ስድስት ሰባት ሴቶች ለውዝ ይፈለፍላሉ። የደረቀ ለውዝ ቅርፊቱ ጣት ይልጣል። ከሰዓት ሲሆን አውራ ጣታቸውን በጨርቅ ይጠቀልላሉ። ከጆግ ውሃ ረጨት ረጨት ሲደረግበት ግን ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ አቧራውም ያርፋል፣ ፍሬውም ሳይሰበር ይወጣል። እናቴም እንደዚሁ ነበር የምታሠራው። ደግሞ እርጥብ ፍሬ ሚዛን ይደፋል። ለእነሱ የምከፍለው በኪሎ ነው፤ እኔም የምሸጠው በኪሎ ነው። ጆጉ ማንንም አላስከፋም።

የለውዝ ቅቤ በጠርሙስ ማሸግ ስጀምር አንድ ደህና ገዢ አገኘሁ። ናሙና ወስዶ አስመረመረና ደወለልኝ። «አፍላቶክሲን አለበት፣ አንወስድም።» አፍላ ምን? ዋጋ ለማስቀነስ የፈጠረው ቃል ነበር የመሰለኝ።

ነገሩ ግን የቆየ ነው። በፈረንጆቹ 1960 እንግሊዝ አገር ተርኪ የሚሏቸው ትልልቅ ዶሮዎች ከ100,000 በላይ ሆነው ረገፉ። ሲጣራ መኖው ውስጥ ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ተገኘ። ፋጉሎው ላይ አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባል ሻጋታ ነበረበት። አፍላቶክሲን ይኼ ሻጋታ የሚያወጣው መርዝ ነው፤ ስሙም የወጣው ከሻጋታው ስም ነው። ሰው ላይ ቀስ ብሎ የሚሠራው ጉበት ላይ ነው፤ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ቢቆላም ይቀንስ እንደሆነ እንጂ አይጠፋም። የደነገጥኩት እዚህ ላይ ነው። ስንት ዓመት «እሳት የነካው ነገር ንጹህ ነው» ስል ኖሬያለሁ!

አውሮፓውያን ለሚበላ ለውዝ የሚፈቅዱት በኪሎ 4 ማይክሮግራም ነው። ልጄን አስልታ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 10,000 ኩንታል ውስጥ በትኖ እንደመፈለግ ነው አለችኝ።

የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዋ ተማሪ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ለውዝን ከማሳ እስከ ሱቅ ትከታተላለች። መጀመሪያ ፊት አልሰጠኋትም። ከዚህ በፊት ፎርም አስሞልተው በዚያው የቀሩ ብዙ አይቻለሁ። እሷ ግን ፎርም አላወጣችም። ከሴቶቹ ጋር በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ እስከ ምሳ ፈለፈለች። ጆጉንም አየችው። ምንም አላለችም። ስትወጣ ብቻ ጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ ይኼ ፍሬ የት ያድራል?»

«ማዳበሪያ ውስጥ።»

«የፕላስቲኩ?»

«የፕላስቲኩ።»

«ስንት ቀን?»

መልሱን ሳልጨርሰው ገባኝ። የድሬ ሙቀት፣ እርጥብ ለውዝ፣ የታፈነ ማዳበሪያ። ሻጋታ ሌላ ምን ይፈልጋል፣ ሻይ?

ለውዙ ከሚያልፍባቸው እጆች ግን እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። ፍሬው ሊሞላ ሲል ዝናብ ከቀረ ለውዙ ይጎሳቆላል፣ ሻጋታው ደግሞ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ገና ሳይነቀል ይገባበታል። ከተነቀለ በኋላ ሳይደርቅ ከተከመረ ይብሳል። ከዚያ መኪና ላይ ይወጣል። ከባቢሌ ሐረር፣ ከሐረር በአወዳይና በሐረማያ ብርድ አልፎ፣ በደንገጎ ቁልቁል ወርዶ ድሬ ሙቀት ውስጥ ይገባል። ላዩ ላይ ላስቲክ ስለተሸፈነ ሲራገፍ ላብ ያላበው ማዳበሪያ በእጄ ነክቻለሁ። ሁሉም የየራሱን ቁራጭ ነው የሚያውቀው። ገበሬው የእኔን ጆግ አይቶ አያውቅም። እኔም የእሱን ክምር አላየሁም።

ለውዙ የሚመጣበት ባቢሌ የተሰበሰብነው ለዚያ ነው። ገበሬዎቹ፣ አንድ ሹፌር፣ አንድ ደላላ፣ የልማት ሠራተኛው፣ ተማሪዋ ልጅና አማካሪዋ፣ እኔ። ግራር ሥር። ልጅቷ እርጥበት መለኪያ ይዛ መጥታለች። አንድ ሽማግሌ መሣሪያውን ገላምጠው አንድ ለውዝ ከነቅርፊቱ አነሱና ጆሯቸው ሥር አንቀጨቀጩት። «ይኼ ይናገራል፣ ደርቋል።» ሌላ አነሱ። «ይኼ ዝም ይላል፣ ገና ነው።» ከአምስት ክምር በአራቱ ላይ ከመሣሪያው ጋር አንድ ዓይነት አሉ። አምስተኛውን ሲስቱ ከሁላችንም በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው።

ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «አቦ፣ ማድረቅማ እናውቃለን። የቀለለውን ማን ይከፍለኛል?»

ግራሩ ሥር ዝም ተባለ። ልጅቷ ደብተሯ ላይ አሰላችው። እርጥበቱ 15 በመቶ የሆነ አንድ ኩንታል 8 በመቶ እስኪደርስ ቢደርቅ 92 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሰውየው ሳምንት ፀሐይ ላይ እያገላበጡ፣ ከፍየልና ከዝንጀሮ እየጠበቁ፣ መጨረሻ ላይ ስምንት ኪሎ ያህል ይከስራሉ። ጎረቤታቸው እርጥቡን በዚያው ዋጋ ይሸጣል። በእውነት እኔም ብሆን አላደርቅም። ልጅቷ ጥናቷን ስትጀምር ስለ ዋጋ ምንም ጥያቄ አልነበራትም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ግማሹ ሥራዋ ሆነ።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ለደረቀው፣ የቀለለበትን የሚያካክስና ትንሽ ጭማሪ ያለው ዋጋ እከፍላለሁ። ማስጫ ሸራውንም እኔ እገዛለሁ። በጆንያ እንጂ በፕላስቲክ ማዳበሪያ አልረከብም። ደላላው «እኔ የማውቀው ሚዛን ነው» ብሎ ተነስቶ ሄደ። አልፈርድበትም።

ጓሮዬ ውስጥ በእጅ የሚዞር መፈልፈያ አስገባሁ። ደረቁን ያለ ውሃ ይፈለፍላል፤ የሚሰብረው ግን አለ። ሴቶቹ ሥራ ሊያጡ ነው ብዬ ነበር፣ እነሱም እንደዚያው። አሁን በቀን ሒሳብ ይለቅማሉ፤ የጠቆረውን፣ የጨረጨሰውን፣ የተሰበረውን። አንደኛዋ ባለፈው «ጣቴ ዳነ፣ ዓይኔ ጠፋ» አለችኝ። መብራት ጨምሬያለሁ።

ስለ ተለቀመው ላውራ፤ እዚህ ጋ አፍራለሁ። ድሮ አይጣልም ነበር። አስፈጭቼ ለለውዝ ሻይ እሸጠው ነበር፤ ዱቄት ሲሆን ማን ያየዋል? የቀረውን ላም ያላት ጎረቤቴ ትወስዳለች። ላሟ የበላችው መርዝ ደግሞ መልኩን ቀይሮ ወተቷ ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ዙሪያ 110 የወተት ናሙና ተመርምሮ ሁሉም ላይ ተገኝቷል፤ እዚያ ዋናው ተጠርጣሪ የኑግ ፋጉሎ ነው። ጎረቤቴ አሁንም አጥር ላይ ቆማ «አንቺ፣ ያን ነገር ትጥይዋለሽ?» ትለኛለች። እምቢ ስላት ለሌላ የሸጥኩት እየመሰላት ታኮርፋለች።

ገዢዬ ተመልሷል። መጀመሪያ የላክሁለት አለፈ፣ ሁለተኛው ወደቀ። አልቅሼ ነበር። ልጅቷ ስታስረዳኝ፣ መርዙ ለውዙ ውስጥ እኩል አይበተንም። ሺህ ንጹህ ፍሬ መሀል አንዷ ብቻ መርዝ አዝላ ልትገኝ ትችላለች። ናሙናው ውስጥ እሷ ከገባች አለቀ። ስለዚህ ለቀማው እየላላ ከሆነ ብዬ እኔም አብሬ እቀመጣለሁ። ቀፊራ ገበያ ያሉ ደንበኞቼ ግን ስለዚህ ሁሉ ጠይቀውኝ አያውቁም። አንዷን ቆርጠም ያደርጉና «ስንት ነው?» ይላሉ። ከዚያ «ውይ፣ ተወዷል!»

ይኼን እየጻፍኩ ሽማግሌው ደወሉ። ለውዙ ተነቅሎ ተሰጥቷል፣ ሰማዩ ግን ጠቁሯል። ያለጊዜው ዝናብ። «እናንሳው ወይስ እንተወው?» ይሉኛል፣ እኔ እንደማውቅ። ልጅቷ ጋ ስደውል ፈተና ላይ ናት፣ አታነሳም። ማታ ማታ አንሱት፣ ሸራ አልብሱት፣ ግን እንዳይታፈን ከሥር ይተንፍስ አልኳቸው። ሸራው ስለማይበቃ ሁለት ልጨምር ነው። በሌሊት እወጣለሁ። ደንገጎ ላይ ጭጋግ ካልያዘኝ ለቁርስ ባቢሌ ነኝ።