ሊኑክሱን ከሚሞሪ አውጥቼ ስልኩ ውስጥ ስጭነው

ፓይንፎኔ (በአንድሮይድ ፋንታ ሊኑክስ በሚባል ሲስተም የሚሰራ ስልክ ነው) እጄ ከገባ ጀምሮ ሊኑክሱን በሚሞሪ ካርድ ነበር የማስነሳው፣ ሁለት ወር ሙሉ። ይሰራል፣ ግን አንድ አፕ ለመክፈት ስንት ሰዓት ትጠብቃለህ፣ ደግሞ ሚሞሪ ሲስተም ሌት ተቀን ሲጽፍበት አይችልም ቶሎ ይበላሻል። ስልኩ እኮ የራሱ 32 ጊጋ ስቶሬጅ አለው፣ ያውም ከሚሞሪዬ የሚፈጥን፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ! ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ፖስትማርኬት ኦኤስ የሚባለውን የስልክ ሊኑክስ እዛው ውስጡ ልጭነው ተነሳሁ።

ጃምፕድራይቭ የምትባል ትንሽዬ ነገር አለች፣ እሷን ሚሞሪ ላይ ጽፋችሁ ስልኩን በሷ ታስነሱና በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር ስታገናኙት የስልኩ የውስጥ ስቶሬጅ ልክ እንደ ፍላሽ ላፕቶፑ ላይ ይመጣል፣ ከዛ ኢሜጁን (ሙሉ ሲስተሙን የያዘውን ፋይል) መጻፍ ነው። ግን እዚች ጋ በናታችሁ ቆም በሉ። ዲዲ የሚባለው ኮማንድ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ የሰጣችሁትን ዲስክ ጠርጎ ይጽፍበታል፣ ተሳስታችሁ የላፕቶፑን ከሰጣችሁት ፎቶ የለ ዶክመንት የለ፣ በቃ ሄደ። እኔ የዲስኩን ስም አላምንም፣ ሳይዙን ነው የማየው። ሚሞሪዬ 8 ጊጋ ናት፣ የላፕቶፔ 256፣ 29.1 የሚለው የስልኩ ነው (32 ተብሎ የተሸጠው እንደዛ ነው የሚነበበው)። ሶስቴ አየሁና ኢንተር አልኩ።

ግማሽ ላይ መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፣ ወዲያው ድርግም አለ። የዛን ሰዓት የተሰማኝን እኔ ነኝ የማውቀው፣ ወንድሜ ከጀርመን በስንት ልመና ያመጣልኝ ስልክ ነው፣ ሌላ ስልክ ፍላሽ ሲደረግ መሃል ላይ ተቋርጦ ዴድ ሆኖ ሲቀር ደግሞ በአይኔ አይቻለሁ። ፓይንፎንን የምወደው ለዚህ ነው፣ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው ሚሞሪውን ነው፣ ስለዚህ የውስጡ ቢበላሽም ሚሞሪው ላይ ጤነኛ ሲስተም ካለ ይነሳል። ጠዋት መብራት ሲመጣ ያቺኑ ሚሞሪ ከትቼ አበራሁት፣ ጃምፕድራይቭ ምንም እንዳልተፈጠረ መጣች፣ ኢሜጁን ከዜሮ ጀምሬ ጻፍኩት። ሲያልቅ ሲንክ ብዬ (የቀረ ዳታ ካለ ጽፎ እንዲጨርስ የሚያደርግ ኮማንድ ነው) ጠበቅኩና ሚሞሪውን አወጣሁ፣ ካላወጣችሁት ተመልሶ በሱ ነው የሚነሳው።

ተነሳ! ፍጥነቱ ከበፊቱ ጋር አይገናኝም። 147147 የምትለዋን የመጀመሪያ ፓስዎርድ ወዲያው ቀይሯት፣ ሁሉም ሰው ያውቃታል። ካሜራው ደካማ ነው፣ የባንክ አፕ ለለመደ ሰው ብቸኛ ስልክ አርገህ ያዘው አልልም። ግን ባትሪው በጣት ይወጣል፣ የሳምሰንግ ጄ7 ባትሪ ይገጥምለታል፣ ፖስትማርኬት ኦኤስ ራሱ በ2017 ሲጀመር ስልክ 10 ዓመት ያገልግል ተብሎ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ አፕዴት ቆመ ተብሎ ደህና ስልክ ሲጣል ያንገበግበኛል።

ከሰዓት እማዬ ከደሴ ቴክስት ላከች፣ ስከፍተው ከላይ እስከ ታች ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው። የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው። ተርሚናል ከፍቼ ኖቶ ኢትዮፒክን ጫንኩ፣ ሁለት ደቂቃም አልፈጀ፣ ሪስታርት አርጌ መልሼ ከፈትኩት። «ደህና ዋልክ ልጄ፣ ስልክህ ምነው አይነሳም» ይላል።