የቅድመ አያቴ ቀዬ ተገኘ (ይመስለኛል)

ዛሬ ከደሴ ወደ ኩታበር ወጥቼ ነበር። እግሬ አልቋል፣ ግን ደስ ብሎኛል።

የቅድመ አያቴ ቤት በጣሊያን ጊዜ ተቃጥሎ ቤተሰቡ ተበተነ፣ ከዚያ ወዲያ ቦታውን በትክክል የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 በአውሮፕላን ስትደበደብ ጃንሆይም እዚያው ነበሩ፣ ያ በየመጽሐፉ አለ። የገበሬ ጎጆ ግን ማን ይጽፍለታል?

ምጽዋ ላይ የሰመጡትን መርከቦች የሚያጠና ጓደኛ አለኝ። በ1933 እንግሊዝ ሲቃረብ ጣሊያን ራሱ ነው ያሰጠማቸው። እሱ ምን አለበት፣ መርከብ ስምም ክብደትም ተመዝግቦለታል!

እኔ የያዝኩት ከአያቴ ሳጥን የወጣ የውርስ ወረቀት ነው። አዋሳኙን ይናገራል፦ በላይ ገደል፣ በታች ምንጭ፣ በጎን የመስጊዱ መንገድ። ጣሊያኖች ያኔ ከአየር ካነሷቸው ፎቶዎችም አንዱን ስልኬ ላይ ጭኜ ሄድኩ። ገደሉና መንገዱ ገጠሙልኝ። ምንጩ ግን የለም።

«አባባ፣ እዚህ ድሮ ምንጭ ነበር እንዴ?» አልኳቸው አንድ ሽማግሌ።

«እሱማ ደረቀ ልጄ። ቁልቋሉን ተከተል።»

ቁልቋሉ ዛሬም አጥር ሆኖ ቆሟል። ውስጡ ገብስ ተዘርቶበታል። ዳር ላይ ግማሹ አፈር የበላው ወፍጮ አገኘሁ፣ መሀሉ በመፍጨት ብዛት ጎድጉዷል። እጄን ከተትኩበት፣ ልክ ገባ።

ፎቶውን ለአክስቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«መጁስ?»