ናሙናው የራሴ ነው

ጃሩን ዛሬ ከፈትኩት። ስምንት ቀን ሙሉ ስጠብቀው ነበር። የድድ በሽታ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን አይስማማቸውም፤ አየር በማያስገባ ጃር ውስጥ ነው የሚያድጉት። ለዚያውም አይቸኩሉም። ሌላው ባክቴሪያ በአንድ ሌሊት ማሳደጊያ ሳህኑን ሲሞላው እነዚህ ሳምንት ያስጠብቃሉ።

በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። ጃሩ የተቀመጠበት ማሞቂያ ሳጥን፣ ኢንኩቤተሩ፣ 37 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት፤ በቃ፣ ልፋቴ ገደል ገባ አልኩ። ግን ወሩ ሰኔ፣ ከተማው ድሬዳዋ ነው። ክፍሉ ራሱ ከኢንኩቤተር አይተናነስም። የድሬን ሙቀት ሳመሰግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ክዳኑ ሲነሳ የቀደመው ሽታው ነው። አይወራም። የበግ ደም በተጨመረበት አጋር፣ ባክቴሪያ በሚበቅልበት ጄሊ፣ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣቦች በቅለዋል። ጥቁረቱ የመጣው ከደሙ ነው፤ ብረት ያለበትን ክፍል ወስደው በላያቸው ያከማቹታል። ዋናው ተፈላጊ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ይባላል፤ ስሙ ምላስ ያስራል። የጠቆረ ሁሉ ግን እሱ አይደለም። ፕሪቮቴላ የሚባል ሌላ የአፍ ባክቴሪያም ይጠቁራል። ስለዚህ ገና ብዙ ምርመራ ይቀረኛል።

የከነከነኝ ሌላ ነው። ናሙናው የራሴ ነው። የታካሚ ናሙና ከመንካቴ በፊት እጄን ላሟሽ ብዬ፣ ከጥርሴና ከድዴ መሀል በቀጭን ወረቀት የወሰድኩት። ባክቴሪያን በማይክሮስኮፕ ቀድሞ ያየው ሆላንዳዊው ሊዩዌንሁክም እ.ኤ.አ. በ1683 የጻፈው ከራሱ ጥርስ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ስላያቸው ተንቀሳቃሽ ፍጥረታት ነበር። እሱ ግን በየጠዋቱ ጥርሱን በጨው ያሽ ነበር። እኔ ስቦርሽ ደም ማየት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ብሩሹ ጠንካራ ሆኖ ነው እላለሁ። ለሰው ሲሆን ድድ መድማት የበሽታ ምልክት ነው ብዬ እሰብካለሁ! ደሙ ደግሞ ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ ነው። ድዱ በተቆጣ ቁጥር ይደማል፣ በደማ ቁጥር እነሱ ይጠግባሉ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። በረንዳ ላይ መፋቂያዋን ይዛ ተቀምጣለች።

«ስምንት ቀን የቀለብከው የራስህን ነው?»

«አዎ።»

«በጨው ተጉመጥመጥ ስልህ ስንት ዘመኔ!»

ከድድ ሥር የተጣበቀውን ጨው እንደማያነሳው ላስረዳት አፌን ከፈትኩ።

«ዝጋው» አለችኝ፤ «ይሸታል።»