የፎገራ ዋልካ በሻንሲው ውስጥ

ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 9

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል የጋራዡን በር ገርበብ አድርጌ ተቀመጥሁና፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት በዚህች ጠባብ ቦታ የሆነውን ሳልረሳው በጽሑፍ ላስቀምጠው አሰብሁ። ጋራዥ እላለሁ እንጂ፣ ሽምብጥ ሰፈር ካለው ግቢያችን ጓሮ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ በባሕር ዛፍ ቋሚና በቆርቆሮ የተሠራ፣ ወለሉ ብቻ ሲሚንቶ የሆነ መጠለያ ነው። ከዚህ መጠለያ ሥር የአባቴ ላንድሮቨር ቆሟል። ትናንት በራሱ ሞተር ከግቢ ወጥቶ በራሱ ሞተር ተመልሷል።

መኪናው «ሲሪስ ቱ ኤ» ከሚባሉት፣ ከ1961 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ከተመረቱት ላንድሮቨሮች አንዱ ነው። ከፊት ጎማው እስከ ኋላ ጎማው ያለው ርቀት 109 ኢንች፣ ማለትም 2.77 ሜትር ገደማ ስለሆነ ረጅሙ ዓይነት ይባላል፤ ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2,286 ሲሲ፣ በቤንዚን የሚሠራ ነው። የፊት መብራቶቹ በኋላ እንደመጡት ከጎማዎቹ በላይ ወዳሉት ፓራፋንጎዎች ሳይሄዱ ከራዲያተሩ ፊት ባለው ወንፊት ላይ ተጠጋግተው ስለተቀመጡ፣ ፊቱን ያየ ሰው ከቀደሙት ወገን መሆኑን ያውቃል። አባቴ የወባ መድኃኒት ረጪዎችን ይዞ በጣና ዙሪያ በዚህ መኪና ሲመላለስ ኖሮ፣ መኪናው ከአገልግሎት ወጥቶ በጨረታ ሲሸጥ ያለ የሌለ ገንዘቡን አሰባስቦ ገዛው። እርሱ ካረፈ በኋላ አሥራ አንድ ክረምት ሸራ ለብሶ ቆመ።

ሥራውን የጀመርሁት ከማይጀመርበት ነው። ሸራውን ገፍፌ መኪናውን ባጠብሁት ጊዜ፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ በሮቹም፣ ኮፈኑም፣ ፓራፋንጎዎቹም ዝገት የሚባል ነገር አልነበረባቸውም። ምክንያቱን አውቀው ነበር። የመጀመሪያው ላንድሮቨር በ1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ሲታይ፣ እንግሊዝ ከጦርነት የወጣች፣ ብረት በኮታ የሚታደልባት አገር ስለነበረች፣ ሠሪዎቹ የመኪናውን አካል ከአሉሚኒየም ቅይጥ አበጁት፤ በችግር የተመረጠውም ነገር ለዘለቄታው የመኪናው መለያ ሆኖ ቀረ። እኔም ይህንኑ አስቤ፣ አካሉ ደኅና ከሆነ ሌላው ቀላል ነው በሚል እምነት፣ ሁለቱን የፊት በሮች አውልቄ፣ አሸዋ ወረቀት መትቼ፣ የጥንቱን አረንጓዴ ቀለም አስመስዬ ቀባኋቸው። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በሮቹ ግድግዳው ላይ ተደግፈው ሲያበሩ ሳይ ሥራው የተጋመሰ ይመስለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ከአባቴ ጋር ለብዙ ዓመታት የሠሩትን፣ አሁን ጡረታ የወጡትን የሰፈራችንን አንጋፋ መካኒክ ጠርቼ ያሳየኋቸው። ጋሼ በሮቹን ቀና ብለው እንኳ አላዩአቸውም። ጆንያ አንጥፈው ከመኪናው ሥር ገቡና በትንሽ መዶሻ ሻንሲውን፣ መኪናውን ሁሉ የተሸከመውን የብረት አጽም፣ ከፊት ወደ ኋላ መታ መታ እያደረጉ ሄዱ። ከሞተሩ ሥር ብረቱ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኽ ነበር። ወደ ኋላው ባሌስትራ፣ ማለትም ወደ ብረት ሞላው፣ ሲጠጉ ድምፁ ታፈነ፤ የሞላ ጆንያ የመምታት ያህል ድብ፣ ድብ አለ።

«ልጄ፣ እዚህ ላይ የምመታው ብረት አይደለም፤ አፈር ነው» አሉኝ።

«ከየት የመጣ አፈር ነው ጋሼ?»

«አባትህ ያመጣው ነዋ።»

በማግሥቱ የሻንሲውን የታችኛውን ገጽ በመጋዝ ቆርጠን ከፈትነው። የዚህ መኪና ሻንሲ ከአራት ላሜራ ተበይዶ እንደ ረጅም ሣጥን የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ውሃ ገብቶ እንዳይቀር ከሥሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ ነገር ግን በጭቃ ውስጥ ለሚኖር መኪና መውጫው ቀዳዳ መግቢያም ነው። የከፈትነው ክፍል አንድ ክንድ ያህል ርዝመት በጥቁር ዋልካ ተጠቅጥቆ ነበር። ዋልካው ደርቆ እንደ ሸክላ ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ መሐል የገለባ ስባሪ፣ አንዲት ነጭ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ከብረቱ ጋር በሚነካካበት ጠርዝ ደግሞ እንደ በርበሬ የቀላ የዝገት ንጣፍ ይታያል። በካቻቢቴ ፈልፍዬ አንዱን ጓል አወጣሁና ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ሸተተኝ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ከመሬት የሚነሣው ያ ሽታ ነበር።

ዋልካ በበጋ ቢሰነጠቅም ውስጡ እርጥበቱን ቶሎ አይለቅም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ደግሞ ጠጥቶ ያብጣል። ስለዚህ በሻንሲው ውስጥ የተጠቀጠቀው አፈር ዓመት ከዓመት ብረቱን እንዳረጠበ ኖሯል፤ ውጭውን አባቴ በየጊዜው ስለሚቀባው ቀለሙ ሳይነካ፣ ላሜራው ከውስጥ ወደ ውጭ ተበልቶ አልቋል። በአንዳንድ ቦታ ቅርጹን ይዞ የቆየው በቀለሙ ቅርፊትና በአፈሩ ብቻ ነው። ጣቴን ስጫነው ዘለቀ።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አፈሩ የፎገራ እንደሆነ አልተጠራጠርሁም። አባቴ ስለ ፎገራ ሜዳ ሲያወራ አይጠግብም ነበር፤ ክረምት ገብቶ የጉማራና የርብ ወንዞች ከዳር ዳር ሲሞሉ፣ ወባ የሚበረታው ደግሞ ውሃው መሸሽ ሲጀምር መስከረምና ጥቅምት ላይ ስለሆነ፣ መንገዱ ሳይደርቅ መድኃኒቱና ረጪዎቹ መድረስ ነበረባቸው። በ1958 እ.ኤ.አ. በጣና ዙሪያና በሌሎችም አካባቢዎች የተነሣው የወባ ወረርሽኝ እጅግ ብዙ ሰው ፈጅቶ ስለነበር፣ በማግሥቱ ዓመት የተጀመረው የወባ ማጥፋት ሥራ ሠራተኞች ያንን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው፤ አባቴ ሥራውን የተቀበለው ከእነርሱ ነው። «በዚያ ጭቃ ላይ መኪና አይነዳም፤ ይለመናል እንጂ» ይለኝ ነበር። እኔ በልጅነቴ የሰማሁት የጀግንነት ወሬውን ነው። ጭቃው ከእርሱ ጋር ወደ ቤታችን መጥቶ፣ በግቢያችን ውስጥ፣ እኛ ሳናየው ብረቱን ሲበላ እንደኖረ ግን እርሱም አላወቀም።

ጓሉን አልጣልሁትም። በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ከመሣሪያዎቹ ጎን ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ ሁሉ የሻንሲ ሥራ ነበር ማለት እችላለሁ። የተቀቡትን በሮች በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር ከተትሁ። አካሉን በብሎን ፈትተን፣ የቤንዚን መያዣ የሆነውን ሰልባትዮ አውርደን፣ ሞተሩንና ማርሽ የሚቀየርበትን ካምቢዮ በሰንሰለት ሰቅለን አወጣን፤ ሻንሲው እርቃኑን በአራት የድንጋይ ዓምድ ላይ ተቀመጠ። ጋሼ ብየዳ ከመጀመራችን በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ያስለኩኝ ነበር። ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ በሲባጎ ለክተን ሁለቱ ሰያፍ ርቀቶች እኩል እስኪሆኑ ድረስ ድንጋዮቹን ከፍ ዝቅ አደረግን፤ ሻንሲ ተጠምዝዞ ከተበየደ መኪናው ዕድሜውን ሙሉ ወደ አንድ ወገን ሲጎትት ይኖራልና። የበሰበሰውንም በአንድ ጊዜ አልቆረጥንም። አንድ ክንድ እንቆርጣለን፣ የ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ አጥፈን እንገጥማለን፣ በአራቱ ማዕዘን ነጥብ ነጥብ እናስይዛለን፣ እንለካለን፤ ከዚያ አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ ወገን እያፈራረቅን እንበይዳለን፤ በአንድ መሥመር የሚሄድ ብየዳ በግለቱ ብረቱን ያጎብጠዋል። መብራት ሲጠፋ እንቆማለን። ብዙ ጊዜ ጠፍቷል፤ ያን ጊዜ እማዬ ቡና ታፈላና ጋሼ ከአባቴ ጋር የተጓዙበትን መንገድ እየጠቀሱ ያወጉኛል፤ ስለ አባቴ ካወቅሁት ግማሹን ያወቅሁት መብራት በጠፋበት ሰዓት ነው።

የኋላው ተሻጋሪ ብረት ሙሉ በሙሉ አዲስ ሆነ። ውስጡን ለመጠበቅ ያደረግነው ነገር የጋሼ ሐሳብ ነው፤ የንብ ሰም በምንቸት አቅልጠን፣ ከእሳት አውርደን፣ የሞተር ዘይት ጨምረንበት፣ ለብ እንዳለ በሻንሲው ቀዳዳዎች አፍስሰን ከወዲያ ወዲህ አገላበጥነው። ሰሙ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ውሃ አያስጠጋም። ጋራዡ ለአንድ ሳምንት እንደ ቤተ ክርስቲያን ጧፍ ጧፍ ሸተተ። ከሥር ያሉትን መውጫ ቀዳዳዎች ደግሞ ሁሉንም ከፍተን አንዳንዱን በመሰርሰሪያ አሰፋናቸው።

አሉሚኒየሙም ቢሆን እንዳሰብሁት ንጹሕ አልነበረም። ከብረት ጋር በብሎን በተያያዘበት ቦታ ሁሉ እርጥበት ሲያገኘው እንደ ጨው ነጭ ዱቄት እየሆነ ይረግፋል፤ ሁለት ዓይነት ብረት በውሃ ከተገናኙ አንዱ ሌላውን ይበላል። መልሰን ስንገጥም ሁለቱም እንዳይነካኩ ቀለም ቀብቼ፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ የቆረጥሁትን ቀጭን ላስቲክ በመካከላቸው አደረግሁ።

ስለ ሞተሩ ብዙ የምጽፈው የለም፤ ከሁሉ ታማኙ እርሱ ነበር። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አውርደን ቫልቮቹን አሸን፣ ክፍተታቸውን 0.25 ሚሊ ሜትር አድርገን ገጠምነው፤ የፍሬን ላስቲኮቹን ሶማሌ ተራ የሚያመላልስ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ይዞልኝ መጣ። ያስቸገረን አንድ ነገር ካንዴላዎቹ እየጠቆሩ ማስቸገራቸው ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ለባሕር ወለል የተለካ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ለቀጠነው አየር ቤንዚን ያበዛል፣ ሞተሩም ያጨሳል። አነስ ያለ የቤንዚን ቀዳዳ ያለው ነሐስ ስንቀይርለት የካንዴላው ጫፍ ጥቁርነቱን ትቶ እንደ ተቆላ ቡና ሆነ።

ሞተሩ የተነሣው በማኖቬላ፣ በእጅ በሚዞረው የብረት እጀታ፣ ነው። ባትሪው ደኅና ነበር፣ ሞተሪኖውም ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን ጋሼ የመጀመሪያው በእጅ ይሁን አሉ። አውራ ጣቴን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርጌ እንድይዝ፣ ወደ ላይ እንድስብ እንጂ ወደ ታች እንዳልጫን ሦስት ጊዜ አስጠነቀቁኝ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ከመለሰ አውራ ጣት ይሰብራልና። አንዴ ሳብሁ፤ ዝም። ሁለተኛ ሳብሁ፤ አስነጠሰው። በሦስተኛው አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት እያለ ፒስቶኖቹ ተራቸውን ይዘው ጀመሩ፣ የማንጎው ቅጠል ሁሉ ተንቀጠቀጠ። እማዬ ነጠላዋን እንዳጣፋች ከቤት ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። ምንም አላለችም። ቆይታ ወደ ውስጥ ገባች።

ትናንት ልንነዳው ስንነሣ ግን ቀድማ የተቀመጠችው እርስዋ ናት። ፎገራ ድረስ የመሄድ ምኞት ነበረኝ፤ ለአሁኑ ግን ዜንዘልማ ይበቃል ብለን፣ በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት ባለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተሻገርን። መኪናው አይቸኩልም። አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ሲቀየር ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ካልተረገጠ ጥርሶቹ ይንጫጫሉ፤ አባቴ ይህን ሲያደርግ ትከሻው እንዴት ዝቅ ከፍ ይል እንደነበር ድልድዩ መሐል ላይ ትዝ አለኝ፣ የእኔም ትከሻ እንደዚያው ሲያደርግ አገኘሁት። ከዜንዘልማ ወዲያ ከዋናው መንገድ ወርደን ጭቃው ሲይዘን፣ ባለ ቢጫ እጀታውን ወደ ታች ተጫንሁ፤ የፊት ጎማዎቹ አብረው መሳብ ጀመሩ። አልበቃ ሲል ቆሜ ባለ ቀዩን ወደ ኋላ ስቤ ዝቅተኛውን ማርሽ፣ ሪዶታን፣ አስገባሁ። መኪናው ሞተሩን ሳያስጮኽ፣ እንደ በሬ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

«አባትህ እዚህ ላይ ይዘፍን ነበር» አለች እማዬ፣ ሁለት እጆችዋ ከፊትዋ ያለውን የብረት መያዣ እንደጨበጡ።

«ምን ነበር የሚዘፍነው?»

«አይሰማኝም ነበር እኮ፤ ሞተሩ ይጮኻል። ከንፈሩን ነው የማየው።»

ከመሸ ተመለስን። ጋሼ በሩ ላይ ይጠብቁን ነበር፤ እንዴት ሄደ ብለው ሳይጠይቁ ቀጭን ሽቦ ሰጡኝ። የውሃውን ጎማ ይዤ ከመኪናው ሥር ገባሁና የሻንሲውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በሽቦው ወጋሁ፤ ውሃውን ከላይኛው ቀዳዳ ለቀቅሁበት። መጀመሪያ ጥቁር ወረደ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ሻይ የመሰለ። እማዬ ፋኖስ ይዛልኝ ቆማ ነበር። እጄን ከቀዳዳው ሥር ዘርግቼ፣ መዳፌ ላይ የሚያርፈው ውሃ ጠርቶ የእጄ መሥመር እስኪታየኝ ድረስ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ተሳብሁ።