በጅምላ የገዛሁትን የዶሮ መኖ ከደሴ እርጥበት እንዴት እንደምጠብቀው

የዶሮ መኖ በኩንታል ሲገዛ በኪሎ ከሚገዛው እንደሚረክስ ዶሮ ያረባ ሁሉ ያውቃል። ጭንቁ የሚመጣው ኩንታሉ ቤት ከገባ በኋላ ነው። የምኖረው ደሴ ሲሆን ፉርሽካና በቆሎ የምገዛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮምቦልቻ ወርጄ ነው፤ የዱቄት ፋብሪካ ያለበት ከተማ ስለሆነ ፉርሽካው ብዙ ሳይቆይ ይገኛል።

ነቀዝን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ በዓይን ይታያል፣ በወንፊት ይለያል። እኔ አጥብቄ የምጠነቀቀው ከእሱ በጣም የሚያንሰውን ደቃቅ ተባይ ነው። ስምንት እግር አለው፤ ዝምድናውም ከነቀዝ ይልቅ ለመዥገርና ለሸረሪት ይቀርባል። አንዱን ለብቻው ማየት ያስቸግራል። ሲበዛ ግን በከረጢቱ አፍና በስፌቱ ላይ አመድማ ብናኝ ሆኖ ይታያል፤ ብናኙን ትኩር ብለው ሲያዩት ይንቀሳቀሳል፣ በጣት ሲያሹት ናና ናና ይሸታል። የተበከለውን መኖ ዶሮዎች ሳይወዱት ይተዉታል፤ የሚያገላብጠውን ሰውም ቆዳውን ያሳክከዋል፣ ያስነጥሰዋል።

ፉርሽካ ስገዛ የምፈትንበት ዘዴ ቀላል ነው። አንድ እፍኝ ወስጄ ጥቁር ሰሃን ላይ እከምርና ፊቱን በቢላዋ ጀርባ አለስልሼ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ክምሩ ከተናደ፣ ወይም የለሰለሰው ፊት ከሻከረ፣ ውስጡ ተባይ አለ ማለት ነው። ያ መኖ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም።

ይህ ተባይ የሚኖረው በእርጥበት ነው። ከአየሩ እርጥበት ካልሳበ ሰውነቱ ይደርቃል፤ የእህሉ እርጥበት ከ12 በመቶ በታች ከሆነ መራባት አይችልም። ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ በሐምሌና በነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉም እስከ ደጃፍ የሚወርድባት ከተማ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሞቃት ነች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ሞቆ የተጫነ ጆንያ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ብርድ ውስጥ ሲያድር፣ በውስጡ ያለው ሞቃት አየር ከቀዘቀዘው የጆንያ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ ጤዛ ይሠራል። ደረቅ ሆኖ የተገዛ መኖ ዳር ዳሩን የሚረጥበው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በመጣበት ቀን አፉን አስሬ አላስቀምጥም። ቤት ውስጥ ሸራ ላይ ዘርግቼ፣ በእጄ እያገላበጥኩ፣ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ እከተዋለሁ።

በቆሎውን በጨው እፈትነዋለሁ። ነጋዴው «አብሽሪ እህቴ፣ ፀሐይ የጠገበ ነው» ይለኛል፤ ክፋት የለውም፣ ነገር ግን ጨው የበለጠ ያረጋግጥልኛል። በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት እፍኝ በቆሎና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው እጨምራለሁ፣ ከድኜ በደንብ እነቀንቃለሁ፣ ሩብ ሰዓት አቆየዋለሁ። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ የበቆሎው እርጥበት ከ15 በመቶ በላይ ስለሆነ እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ በቆሎውን በፍሬው መግዛቴ ነው። ተባዩ የሚወደው የተሰበረ ፍሬና ፍሬው የሚበቅልበትን ለስላሳ ክፍል ነው፤ የተፈጨ በቆሎ ደግሞ ይህን ሁሉ ከፍቶ ይሰጠዋል። ወፍጮ ቤት የምወስደው ዶሮዎቹ ቶሎ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ነው። ቀሪው በሦስት ድርብ ከረጢት ታሽጎ ይቀመጣል፤ ሁለቱ የውስጥ ፕላስቲኮች አየር ስለማያስገቡ በውስጡ የቀረው ነቀዝ ኦክስጅኑን ጨርሶ ይታፈናል። በየቀኑ ከተከፈተ ግን አየር ስለሚገባ ከንቱ ነው። ለዕለት የሚሆነውን ክዳን ባለው ባልዲ ለይቼ አስቀምጣለሁ፤ ባልዲው ባዶ ሳይሆን፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሳይደርቅ አዲስ መኖ አይጨመርበትም። በአሮጌው ላይ አዲስ መደፋት የተባይ ዘር ማቆየት ነው። ከረጢቶቹም ከወለልና ከግድግዳ ርቀው በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጣሉ።

የሻገተውን መኖ እጥለዋለሁ፤ ሳስቼ አላውቅም። ፀሐይ ተባዩን ይገድላል እንጂ ሻጋታ የተወውን የአፍላቶክሲን መርዝ አያጠፋውም። ቫይታሚን የተቀላቀለበትን የፋብሪካ መኖ ደግሞ ፀሐይ ላይ አላሰጣም፤ ጥላ ቦታ ላይ አናፍሰዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሜ ደጋግሜ እለምናለሁ፦ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ የነቀዝ ክኒን አታስገቡ። ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ለአንድ ኩንታል በቆሎ ሲባል የሚደፈር ነገር አይደለም።

ፉርሽካን ለክረምት አላከማችም፤ ቶሎ እርጥበት ይስባል። ሰኔ ላይ የማሽገው በቆሎውን ብቻ ነው። ፉርሽካውን እስከ መስከረም ዶሮዎቹ በሁለት ሳምንት የሚጨርሱትን ያህል እየገዛሁ እቆያለሁ፤ በኪሎ ጥቂት ብር ቢጨምርም እከፍለዋለሁ።