የተብላላ ነጭ ሽንኩርትና የአንጀቴ ማስታወሻ

ጥሬ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት አዋዜ በበላሁ ቁጥር ሆዴ ይነፋ ነበር፤ ቃሩም ሌሊቱን አያስተኛኝም። በዚያ ላይ ለዓመታት የሆድ ድርቀት ስለነበረብኝ የምጸዳዳው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሲበዛ ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር። ሐኪም መርምሮኝ የከፋ ነገር እንደሌለብኝ ከነገረኝ በኋላ፣ በጨው ውኃ የተብላላ ነጭ ሽንኩርት አንጀትን ያንቀሳቅሳል ሲባል ሰምቼ ስለነበር እውነትነቱን በራሴ ላይ ለመፈተን ወሰንኩ።

ነጭ ሽንኩርት ሆድ የሚነፋው ፍሩክታን የተባለ የስኳር ሰንሰለት ስላለበት ነው። ትንሹ አንጀታችን ይህን ሰንሰለት የሚቆርጥ ኢንዛይም ስለሌለው ፍሩክታኑ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ በዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሲያብላሉትም ጋዝና አጫጭር የስብ አሲዶች ይፈጠራሉ። አሲዶቹ ለአንጀት ግድግዳ ምግብ ናቸው፤ ጋዙ ግን አንጀቱ በቀላሉ ለሚቆጣ ሰው ሥቃይ ነው። ፍሩክታን በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ ነጭ ሽንኩርቱ በጨው ውኃ ውስጥ ሳምንታት ሲቆይ ከፊሉ ወደ ውኃው ይወጣል፣ ከፊሉንም የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ይበሉታል። በሆዴ ውስጥ ሊሆን ከነበረው መብላላት ጥቂቱ በብርጭቆው ውስጥ አስቀድሞ ያልቃል ማለት ነው። እናቴ ለዐቢይ ጾም በምታዘጋጀው ሲልጆ ውስጥ ነጭ ሽንኩርቱ ከባቄላውና ከሰናፍጩ ጋር ለቀናት ይቆይ እንደነበርና ሲልጆው ሆዴን አስቸግሮት እንደማያውቅ ያስታወስኩት ይህን ከተረዳሁ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ተበላሽቷል። ፍሬዎቹ ከውኃው በላይ ተንሳፍፈው ስለነበር ሻገቱ፤ ሁሉንም ደፋሁት። በሁለተኛው በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 30 ግራም ጨው አሟሟሁና የተላጡትን ፍሬዎች በትንሽ ሳህን ተጭኜ ሙሉ በሙሉ ከውኃው በታች አደረግኋቸው። ጋዙ እንዲወጣ ክዳኑን በየቀኑ ላላ አደርግ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንዳንዶቹ ፍሬዎች ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ሲለወጡ ደንግጬ ነበር፤ ይህ በአሲዱ ምክንያት የነጭ ሽንኩርቱ የድኝ ውሕዶች ከአሚኖ አሲዶች ጋር ሲዋሐዱ የሚመጣ ቀለም እንጂ ጉዳት የለውም። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ ሥራው አራት ሳምንት ፈጀ። ከመቅመሴ በፊት የአሲድነት መለኪያ ወረቀት ነክሬ ፒኤቹ (ሲያንስ አሲድነቱ መብዛቱን የሚያሳየው ቁጥር) ከ4.6 በታች መውረዱን አረጋገጥኩ፤ ቦቱሊዝም የተባለውን ነርቭ የሚያሽመደምድ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ከዚያ በታች ማደግ አይችልምና። በዘይት ውስጥ የሚቀመጥ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ይህ መከላከያ ስለሌለው አደገኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ 36 ሰዎች በቦቱሊዝም የታመሙት በዘይት ከተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት ነበር።

ከምሳ ጋር በቀን አንድ ፍሬ በመብላት ጀመርኩና ስንት ጊዜ እንደተጸዳዳሁ፣ ሆዴ መነፋቱንና ቃሩን በደብተር መዘገብኩ። ወደ ሦስት ፍሬ ከፍ ሳደርግ መነፋቱ ተመልሶ ስለመጣ ወደ አንድ ዝቅ አደረግሁ። በስድስተኛው ሳምንት በሳምንት አምስት ጊዜ እጸዳዳ ነበር፤ ደስታዬም ትልቅ ነበር። ነገር ግን ደብተሩን መለስ ብዬ ሳነበው በዚያው ሰሞን ጠዋት ጠዋት የተፈጨ ተልባ በብዙ ውኃ መጠጣት እንደጀመርኩ አየሁ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጬ ምስጋናውን ለአንዱ መስጠቴ ከሁሉ የከበደኝ ስሕተት ነው። ስለዚህ ተልባውንና ውኃውን እንዳሉ ትቼ ነጭ ሽንኩርቱን ብቻ ለሁለት ሳምንት አቋረጥኩ። የምጸዳዳበት ቁጥር አልቀነሰም። ቀጥዬ ነጭ ሽንኩርቱን መልሼ ተልባውን ሳቋርጥ ድርቀቱ በአምስተኛው ቀን ተመለሰ።

ሒሳቡ ሲታሰብ ይህ አያስገርምም። አንዲት ፍሬ የምትይዘው ፍሩክታን ከአንድ ግራም በታች ነው፤ ተብላልታ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ተልባ ግን ውኃ ይዞ ያብጣል፤ የሰገራው መጠን ሲጨምር የአንጀቱ ግድግዳ ይለጠጣል፣ በግድግዳው ውስጥ ያሉት ነርቮችም ከሰገራው ኋላ ያለውን ጡንቻ አኮማትረው ከፊቱ ያለውን ያላላሉ። ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ይህን የአንጀት ሕግ የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ለእኔ አንጀቱን የገፋው ተልባው ነበር፤ መብላላቱ የሰጠኝ ጥቅም ነጭ ሽንኩርትን ያለ መነፋት መብላት መቻሌ ነው፤ ይህንንም አቅልዬ አላየውም።

አክስቴ ብርጭቆውን አይታ፦ «ልጄ፣ ለእኔም ትንሽ አስቀምጪልኝ» ስትለኝ፣ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት እንደምትወስድ ስለማውቅ፦ «አክስቴ፣ ነጭ ሽንኩርት ደም የመፍሰስ አደጋውን ሊጨምር ይችላል፤ በቅድሚያ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ ጨዉም ለግፊትሽ አይበጅም» አልኋት። ሐኪሟ ከወጥ ጋር በስሎ የሚበላው ይበቃሻል ስላላት፣ ከብርጭቆው የምበላው እኔ ብቻ ነኝ፤ በቀን አንድ ፍሬ፣ ከምሳ ጋር።