ጥርኝ ውኃ በዘጌ

ከባሕር ዳር ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለጓደኞቼ ሥዕል ለማየት ነው የምሄደው አልኳቸው። ልቤ ውስጥ ግን እህቴ ነበረች። የአባታችን ቤት ሲሸጥ ከድርሻዋ ጎደለባት። የጎደለው እኔ ጋ ነው። ተኳርፈን 3 ዓመት ሆነን። የንስሐ አባቴም ዘንድ ካልሄድኩ ልክ ያን ያህል ሆነኝ።

ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚወስደው መንገድ በጫካ ቡና መሐል ያልፋል። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም። ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም፣ ሰው ሳያርስ እንዲኖርበት ቃል ኪዳን የተቀበሉበት ምድር ነው ይላሉ።

መቅደሱ ዙሪያውን ሥዕል ነው። እኔ የፈለግሁት በላኤ ሰብእን ነበር። 78 ነፍስ የበላ ሰው። የተጠማ ለምጻም በእግዚአብሔር ስም ለመነው፣ እምቢ አለ። በቅዱሳን ስም ለመነው፣ እምቢ አለ። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት 78ቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ያቺ ጥርኝ ውኃ በሌላ ወገን ተመዘኑ። እመቤታችን ጥላዋን ብታሳርፍባት ውኃዋ ከበደች።

ሚዛኑ ፊት ቆሜ ቀረሁ። በድሮ ሠዓሊዎቻችን ልማድ ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው። እኔን ቢስሉኝ በስንት ዓይን ይሆን?

አጠገቤ የነበሩትን ቄስ መስቀል ተሳለምኩ።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። የነፍስ አባት የለሽም?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ኑዛዜውን ለእሳቸው ታደርሻለሽ፣ ልጄ። መጀመሪያ ግን የእህትሽን ገንዘብ መልሺ፣ ታረቂያት። ወንጌሉም መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ነው የሚለው።»

መጸጸት፣ መናዘዝ፣ ቀኖና መፈጸም፤ ሦስቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ስፈራ የኖርኩት ቀኖናውን ነበር፤ ጾሙን፣ ስግደቱን። ካህኑ ቀኖናውን የሚሰጠው እንደ ሰዉ አቅም መሆኑን እያወቅሁ እንኳ እፈራ ነበር። ያን ቀን ግን 41 ስግደት ቀለለኝ። የከበደኝ ስልክ መደወሉ ነው።

ወደቡ ላይ ቡና እየተፈላ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሣ።

«እትዬ።»

ዝም አለች። ትንፋሿ ይሰማኛል።

«የት ነሽ?»

«ዘጌ።»

«ቡና ይዘሽልኝ ነይ።»